ልጅን ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ማዘጋጀት

በልጅነቴ መኪና ያቅለሸልሸኝ ስለነበር የአውቶቡሱ ረዳት ከፊት ታስቀምጠኝና «ደብተርሽን ዝጊ፣ ሩቅ ተመልከቺ» ትለኝ ነበር። ልክ ነበረች። በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል እንቅስቃሴ ሲሰማው፣ ዓይን ደግሞ የማይንቀሳቀስ ገጽ ላይ ሲተከል አንጎል ይምታታበታል። እናንተም የሚያቅለሸልሸው ልጅ ካላችሁ ከፊት ይቀመጥ፣ መስኮቱም ትንሽ ይከፈትለት።

አጥብቄ የማስተምረው ግን አወራረዱን ነው። ሹፌሩ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ አጠገቡ ያለ ትንሽ ልጅ ላይታየው ይችላል። ልጄን በቆመ አውቶቡስ ሹፌር ወንበር ላይ አስቀምጬ ከፊት ቁጢጥ ስል «እማዬ፣ የት ገባሽ?» አለች፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ከተቻለ እናንተም ሹፌሩን አስፈቅዳችሁ አሳዩ።

ልጁ እንደወረደ 3 ሜትር ያህል ይራቅ። መሻገር ካለበት በፊት በኩል ይሁን፤ እሱም ከሹፌሩ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይተው ምልክት ሲሰጠው ብቻ። በኋላ በኩል በፍጹም! እርሳስ እንኳ ከአውቶቡሱ ስር ቢገባ ጎንበስ ብሎ አያንሳ፣ ለረዳቷ ይንገር። የቦርሳ ማንገቻና የሹራብ ገመድም በር ላይ ስለሚያዝ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ አሳጥራችሁ እሰሩለት።