ከሞተ ሃርድ ዲስክ የግድግዳ ሰዓት እንሥራ

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ የሞተ ሃርድ ዲስክ ጥዬ አላውቅም። ክዳኑ ሲነሣ የሚወጣው ሳህን እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ እንዲህ የጠራ ሥራ ቆሻሻ ላይ ሲወድቅ ማየት ያመኛል። የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሳህኖች ነበሩት። እያንዳንዳቸው 61 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው፣ የእንጀራ ምጣድ የሚያክሉ ናቸው፤ ሁሉም ተደምረው የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የዛሬው ሳህን 9.5 ሳንቲሜትር ነው፤ ለሰዓት ፊት የተለካ ይመስላል።

ዲስኩን ከመፍታታችሁ በፊት ባለቤቱ በውስጡ ያለውን ፋይል እንደማይፈልገው አረጋግጡ፤ አንዴ ከተከፈተ መመለሻ የለውም። ባለ ኮከብ ካቻቢቴ ያስፈልጋችኋል፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ቲ 8 ይሆናል። ብሎኖቹ ሁሉ ወጥተው ክዳኑ እምቢ ካለ አትታገሉት፤ አንዱ ብሎን ከተለጠፈው ወረቀት ሥር ተደብቋል። ወረቀቱን በጣታችሁ ስትጫኑት የሚሰረጉድበት ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ። የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ይፈረካከሳልና ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። ሳህኑን በጠርዙ ብቻ ያዙት፤ የጣት አሻራ ካረፈበት በአልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል።

እንጨቱን ያገኘሁት እዚሁ ጅማ ሂርማታ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከሚጠርቡ አንድ አባት ዘንድ ነው። 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ዋንዛ፣ ጀርባው የተፈለፈለ ብዬ ስነግራቸው፣ «እግር የሌለው በርጩማ ነው የፈለግሽው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ ለእርሳቸው ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የሰዓቱ ማሽን ከጀርባ ይገባል፤ ቆጣሪዎቹ የሚሰኩበት አንገቱ አጭር ስለሆነ ከፊት የሚቀረው እንጨት ከ5 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ንገሯቸው። ማሽኑን ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ማውጣት ይቻላል። የሳህኑ መሀል ቀዳዳ 25 ሚሊሜትር ነው፤ የማሽኑ አንገትና ዳዶው በቀላሉ ስለሚያልፉበት ሳህኑን መሰርሰር አያስፈልግም።

ሳህኑን በኢፖክሲ፣ ሁለት ክፍሉ ተቀላቅሎ በሚደርቀው ማጣበቂያ፣ አጣብቁት። ሱፐር ግሉ የሚባለው ፈጥኖ የሚደርቀው ማጣበቂያ እየተነነ ነጭ ጉም ያለብሰዋል፤ አንድ ቆንጆ ሳህን በዚህ አጥቻለሁ።

ለቁጥሮቹ ከተሰበረ ኪቦርድ ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 ያሉትን ቁልፎች ንቀሉ፤ ልክ አሥራ ሁለት ናቸው። በሳህኑ ዙሪያ፣ ከመሀል 6.5 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ለጥፏቸው። ቁልፎቹ ከፍ ስለሚሉ ደቂቃ ቆጣሪው እንዳይጋጫቸው ርዝመቱ ከ5 ሳንቲሜትር አይብለጥ።

ከዲስኩ የሚወጡት ማግኔቶች ቢላዋ ለመስቀል ግሩም ናቸው፤ ጣት መሀላቸው ከገባ ግን ይቀጠቅጣሉ። ለሰዓቱ መስቀያ አታድርጓቸው፤ እኔ ሞክሬ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን ደግሞ የጀበና ማስቀመጫ ለማድረግ የምታስቡ፣ እባካችሁ ተዉት። የድሮ ማዘርቦርድ ብየዳ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ ሲኒና ሕፃን ካሉበት መራቅ አለበት።

ባትሪውን ስታስገቡ በእኛ አቆጣጠር ሙሉት። አጭሩ ቆጣሪ ኤፍ 1 ላይ ሲደርስ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። እኔ ሱቄን የምከፍተው ኤፍ 2 ተኩል ላይ ነው።