ጉበቱ የተጎዳን ሰው በፍቅር አታስርቡት

ጎንደር ውስጥ የጉበት ሕሙማንን ምግብ ስከታተል ዓመታት ተቆጥረዋል። ጉበቱ ጠባሳ ይዞ የጠጠረ፣ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ደግፈው ሲያስገቡልኝ መጀመሪያ የማየው ሆዱን ሳይሆን ክንዱን ነው። ክንዱ ሸንበቆ ከመሰለ አስታማሚው የሚለኝን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፦ «እንቁላሉንም ሽሮውንም አስትተነዋል፤ አጥሚት ብቻ ነው የምንሰጠው።»

ማን ነገራችሁ ስል አንዳንዱ ጎረቤት ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው። ከሁሉም የሚያናድደኝ ስህተት ይህ ነው። ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ፕሮቲን ሲፈጭ አሞኒያ ይወጣል፣ የደከመ ጉበት አያጠራውም፣ አእምሮን ያደነዝዛል፤ እንግዲያው ፕሮቲን ይቅር። የተረሳው ጡንቻ ነው። ጉበት ሲሰንፍ ከደም ውስጥ አሞኒያን የሚያነሳው አንዱ ረዳት እሱ ነው። ምግብ የተነፈገ ሰውነት ደግሞ የሚበላው ያንኑ ጡንቻ ነው። በሽተኛው ሊድን ሲጾም ይባስ ይደነዝዛል፣ ሲደነዝዝ ደግሞ ሽሮው ይበልጥ ይከለከላል።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ «ምስር ቀንሱ» ብዬ በእጄ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ የተማርኩት እንደዚያ ነበር። ዛሬ የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ይሆናል። አእምሮው መደንዘዝ ለጀመረውም ቢሆን አይቀነስም። ሥጋ ካልተስማማው ሽሮ፣ ሽምብራ፣ ወተትና አይብ አሉለት።

በሚዛን አትታለሉ። ከደንቢያ አባቱን ይዞ የመጣ ወጣት «አራት ኪሎ ጨመረልኝ» ብሎ ፊቱ በርቶ ነበር። የጨመረው ውሃ ነበር፤ የክንዱን ዙሪያ ስንለካ ከባለፈው ቀጠሮ ቀንሷል። ፕሮቲኑም የሚሰላው ውሃው ሳይቆጠር ነው።

ቀጥሎ የሌሊቱ ነገር። ጤነኛ ጉበት ሌሊቱን የሚያሻግር ስኳር ያከማቻል፤ የጠጠረ ጉበት ግን ጎተራው ባዶ ነው። ለእርሱ አንድ ሌሊት ሳይበሉ ማደር ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን እንደ መጾሙ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እራት በልቶ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት አፉን ሳይፈታ የሚቆይ በሽተኛ በየሌሊቱ ጡንቻውን እየነደለ ያድራል። ከመኝታ በፊት 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል፤ በማር የተበጠበጠ በሶ ወይም ቂጣ ከወተት ጋር ይበቃል። ይህ ምክር ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም አያከብረውም።

ሑዳዴ ሲገባ ክርክሩ ይጀመራል። እማማ፣ ችግሩ የጾሙ ምግብ አይደለም፤ ምስርና ሽሮ እኔም የማዝዘው ነው። ችግሩ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ነው። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለሕመምተኛ ሲፈቅዱ ደጋግሜ አይቻለሁ። ረመዳን ላይም የምለው ይህንኑ ነው።

ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ የገባባቸውም ይቆጠራል። ግን ወጡን አልጫ አድርጋችሁ ጭራሽ ከማዕድ አታስነሱት።

ወንዶች የሚደብቁት አንድ ነገር አለ፤ የጡት ማበጥ። ጉበት ሲጎዳ የወንዱ ሆርሞን ይቀንሳል፣ የሴቴው ሚዛን ያይላል፤ ውሃውን ለማስወጣት የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶንም ያባብሰዋል። አንድ ወጣት አፍሮ ክኒኑን በዝምታ አቋርጦ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆዱ ከበሮ ሆኖ ተመለሰ። ቢነግረን መድኃኒቱ ሊቀየር ይችል ነበር።

ስኳር በሽታም ካለበት የሦስት ወሩን የደም ስኳር ምርመራ ብቻ አትመኑ፤ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ቶሎ ስለሚያልቁ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል።

አሞኒያው በሰገራ እንዲወጣ የሚሰጠውን ላክቱሎስ የተባለ ሽሮፕ የሚወስድ ሰው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ቢወጣው «ተቅማጥ ያዘው» ብላችሁ አታቋርጡበት፤ የተፈለገው እሱ ነው። ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝታችሁ አትስጡት፤ ሆዱ ውሃ በያዘ ሰው ላይ ኩላሊቱን ይጥላሉ። ቀን እየተኛ ሌሊት የሚነቃ፣ የልጆቹን ስም የሚያምታታ ከሆነም የዚያኑ ዕለት ይዛችሁት ኑ፤ ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ።