እንግዳ ላይ የሚዘል ውሻ፦ ችግሩና መፍትሄው

ለጥምቀት ዘመድ ባሕር ዳር የሚገባባችሁ ከሆነ ሥራውን ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጀምሩ። ጥር 10 ማታ፣ እንግዳው በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ፣ ውሻ ማስተማር አይቻልም። ውሻው ጤነኛና የተከተበ ነው ብለን እንነሳለን። የሚያጉረመርምና ጥርሱን የሚያሳይ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ እንግዳ ሲኖርም ለብቻው ይዘጋበት።

ምልክት፦ በሩ ሲንኳኳ ያብዳል፤ ሲከፈት የእንግዳው ደረት ላይ ይወጣል

ምክንያቱ ብልግና አይደለም፤ ሲዘል የሚከፈለው ስላለ ነው። "ወግድ!" ብሎ መጮህ፣ በእጅ መግፋት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ለውሻ ጨዋታ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ለዋለ ውሻማ ግፊያም ፍቅር ነው። ትልቁ ክፍያ ግን በሩ ራሱ ነው፦ ጮኸ፣ ዘለለ፣ ተከፈተለት። በዚያ ላይ የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን፣ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቀን እስክንጨርስ ውሻው መሀላችን ገብቶ እማማን ነጠላቸው ላይ ጭቃ ለቅልቋል።

መጀመሪያ ዕቃውን አስተካክሉ። ሁለት ሜትር ገመድና እንደ ሱሪ ቀበቶ የብረት ዘለበት ያለው የአንገት ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። በስስ ፕላስቲክ የሚቆለፈውን ርካሽ ማሰሪያ አትግዙ። የሚበጠሰው ልክ እንግዳው ሲገባ ነው። ሰንሰለትም እጅ ይልጣል። ለሽልማት ያለ ጨውና በርበሬ የተቀቀለ ሥጋ፣ በሽምብራ ፍሬ መጠን የተቆረጠ። ከወጥ የወጣ ሥጋ አይሆንም፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የዶሮ ወጥ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል፤ በበዓል ቀን እንግዶች ከገበታ እንዳይወረውሩለት ተጠንቀቁ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት በሩን እርሱት። ግቢ ውስጥ "ቁጭ!" በሉት፤ መቀመጫው መሬት በነካበት ቅጽበት ሥጋውን ስጡት። አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል። የባሕር ዳር ቀትር ለውሻም ለሰውም ስለሚከብድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን።

ቀጥሎ አንድ የቤት ሰው ውጭ ሆኖ የቆርቆሮ በሩን ያንኳኳ። ውሻውን የያዘው ሰው ከበሩ አምስት ስድስት ሜትር ይራቅ። በተንኳኳ ቁጥር ሦስት አራት ቁራጭ መሬት ላይ ጣሉ። ኳኳታውን ሲሰማ ፊቱን ከበሩ ወደ እጃችሁ ማዞር ሲጀምር ወደ መክፈቱ እለፉ። ቁጭ ካለ በሩ ስንዝር ይከፈት፤ ከተነሳ ያለ አንዳች ቃል ይዘጋ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አምስት ጊዜ ተከፍቶ ቢዘጋ አይግረማችሁ። እንግዳ ሆኖ የሚገባው ሰውም የውሻው የፊት እግር ከመሬት ሲነሳ ዞሮ ይውጣ፤ አራቱም እግሮች መሬት ላይ ሲሆኑ ብቻ፣ እጁን ከአናቱ ሳይሆን ከአገጩ ሥር አድርጎ ይዳብሰው።

በመሀል ዝላዩ ይብሳል። ድሮ ይከፈለው የነበረው ስለቀረበት ነው። ብዙ ሰው "አልሆነም" ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ እጅ ከሰጣችሁ፣ ሲብስ እንደሚያዋጣው አስተማራችሁት ማለት ነው።

ከውሻው ይልቅ የሚያስቸግረው "ተዉት፣ ውሻ እወዳለሁ" የሚለው ዘመድ ነው። ሲዘል አንድ ጊዜ ዳበሰው ማለት የሳምንት ልፋት ሄደ። ስለዚህ ገና ከመነሳታቸው በስልክ፦ "አያ፣ ቁጭ እስኪል ድረስ አይዩት፣ አያናግሩት" በሏቸው።

እንግዳ በሚገባበት ቀን አስቀድማችሁ አንድ ሰዓት አንሸራሽሩት። የሐይቁ ዳር ጥሩ ነው፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ግን ጉማሬ ስላለ ማለዳና ምሽት ደንገሉ አጠገብ አትድረሱ። ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ ይታሰር። ጀበና ለመድፋት የጅራት ውዝወዛ ይበቃል፤ ሥሩ ፍም አለ፣ ዙሪያውን ሕፃናት አሉ።

ምልክት፦ ከገጠር የመጡት አጎት ሲገቡ ብቻ ይጮኻል

ነገሩ ሰውየው ሳይሆኑ ዱላቸው ነው፤ ብዙ ውሻ ዱላን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ዱላ መሬት ላይ አጋድማችሁ ሥጋውን ሁለት ክንድ ራቅ አድርጋችሁ ጣሉ፤ በየቀኑ አቅርቡት። አንገቱን ዘርግቶ፣ የኋላ እግሮቹን ለሽሽት ተክሎ የሚያነሳ ከሆነ ገና እየፈራ ነው፤ አትቸኩሉ። ተዝናንቶ ሲበላ ብቻ ሰው ዱላውን ይዞ ይቁም።

ምልክት፦ ሲደሰት ሽንት ያመልጠዋል

ቡችላ ላይ የተለመደ ነው። አትቆጡት፤ ጎንበስ ሳትሉበት ደጅ ላይ ሰላም በሉት።

ምልክት፦ ሕፃናት ሲሮጡ ያባርራል

የሠለጠነ ውሻም ቢሆን ከሕፃን ጋር ብቻውን አይተውም። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። "የእኛ ውሻ ነው" ብሎ ማሳደር የለም።

ምልክት፦ ሲገቡ ረግቶ ሲወጡ ያብዳል

ሽኝት በር ላይ ስለሚረዝም ነው። እንግዳው ወጥቶ በሩ እስኪቀረቀር ገመዱን አትፍቱ።