መሬትህን ቢነጥቁህ፣ በሄንሪ ዳግማዊ ዘመን እንዴት ትከሳለህ?

እንበልና በ1180ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ነህ። አንድ ጉልበተኛ ሰዎቹን አስከትሎ መጥቶ ከመሬትህ ነቀለህ። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም፣ ይገባኛል። ግን ዱላ አታንሳ፤ ንጉሡ ለዚሁ ብሎ አዲስ የክስ መንገድ አውጥቷል።

መጀመሪያ ነጻ ባለይዞታ መሆንህን አረጋግጥ። የጌታ ገባር ከሆንክ በሩ ዝግ ነው፣ አቤቱታህን የሚሰማው የዚያው የጌታህ ችሎት ነው። ያናድዳል፤ ብዙው ገበሬ ግን እንዲህ ነበር።

ነጻ ከሆንክ ወደ ንጉሡ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ማዘዣ ግዛ። አዎ፣ በገንዘብ። በላቲን የተጻፈ፣ ስምና ቦታ ብቻ እየተቀየረ ለሁሉም የሚሰጥ ወረቀት ነው። ደግሞ አትዘግይ፤ ክሱ የሚሠራው በቅርቡ ለተነጠቀ ሰው ነው፣ ገደቡም «ንጉሡ መጨረሻ ወደ ኖርማንዲ (ከባሕሩ ማዶ ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለው ግዛታቸው) ከተሻገሩ ወዲህ» እየተባለ ይቆረጣል።

ማዘዣውን ለሸሪፉ፣ ማለትም ለንጉሡ የአውራጃ ሹም ስጥ፣ ክሱን እንደማታቋርጥ ዋስ ጥራ። ሸሪፉ ከአካባቢው 12 ነጻ ሰዎች ይሰበስባል፣ እነሱም የንጉሡ ዳኞች ከመምጣታቸው በፊት መሬቱን ሄደው በዓይናቸው ያያሉ።

ችሎት ስትቀርብ የአያት ቅድመ አያት ቆጠራ ውስጥ አትግባ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው መሬቱ የማን ነው አይደለም፤ ይሄ ሰው ያለ አግባብና ያለ ፍርድ ነቅሎታል ወይስ አልነቀለውም የሚል ብቻ ነው። 12ቱ የሚመልሱት ይሄንኑ ነው። ሰውየው የተሻለ መብት አለኝ ካለ መጀመሪያውኑ መክሰስ ነበረበት፣ አሁንም የባለቤትነቱን ክስ ለብቻው ይመሥርት። እሱ ግን ሌላ ጣጣ ነው፦ በዚያ ክስ ተከሳሹ፣ ማለትም መሬቱን የያዘው ሰው፣ በፍልሚያ ይለይልን ማለት ይችላል፣ ወይም ከ1179 ወዲህ በ12 ባላባቶች ቃል ይዳኝልኝ ይላል። በዚያ ላይ አልጋ ይዣለሁ ብሎ ከላከ አራት ባላባቶች ቤቱ ድረስ ሄደው ያዩታል፤ እውነትም ታሞ ካገኙት የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ቀጠሮ ያገኛል!

ባንተ ክስ ግን እንዲህ ያለ ሰበብ አይሠራም። ተከሳሹ ቢቀርም ይቅር፣ 12ቱ ቃላቸውን ይሰጣሉ። ከረታህ ሸሪፉ መሬትህን ያስመልስልሃል፣ ሰውየው ለንጉሡ መቀጫ ይከፍላል። ከተረታህ መቀጫው ያንተ ነው።