ድባቴን ከፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ለመለየት የአእምሮ ብቃት ምርመራ እንዴት ይደረጋል?

ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚገኝ ሰው ከሥራው፣ ከማኅበሩና ከቤተሰቡ እየራቀ ሲመጣ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ ያለ የጤና ባለሙያ ቀድሞ ድባቴን ቢጠረጥር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍሎች ቀስ በቀስ የሚጎዳው ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ ዕድሜ ነው፤ የጠባይ ለውጥ በሚያስከትለው ዓይነቱ ቀድሞ የሚታየውም መርሳት ሳይሆን ግዴለሽነት ስለሆነ በቀላሉ ድባቴ ይመስላል። ሁለቱን በድምር ነጥብ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ታማሚው እንዴት እንደሚሳሳት ማየት ያስፈልጋልና መልሶቹን ቃል በቃል ይመዝግቡ።

በመጀመሪያ የትዳር ጓደኛውን ወይም አብሮት የሚኖር ልጁን ለብቻ ያነጋግሩ፤ ታማሚው ባለበት ነውሩን ማንሳት ለቤተሰቡ ከባድ ነው። ጾም አጥባቂ የነበረው ሰው ረቡዕና ዓርብ ያለ ምንም ሐሳብ መግደፍ ጀምሯልን? ጣፋጭ ያለ ልክ ይበላልን? ለቅሶ ቤት ገብቶ ይስቃልን? የልጁ መታመም ምንም አይመስለውምን? እንዲህ ያለው ለውጥ ወደ ዲሜንሺያው ያመለክታል። ምግብ የዘጋው፣ ሌሊት እየነቃ የሚቀር፣ «ሸክም ሆንሁባችሁ» እያለ ራሱን የሚወቅስ ሰው ግን ድባቴ ሊሆንበት ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ታማሚ ራሱን ስለማጥፋት ያስብ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ የግድ ነው። ዘጠኝ ጥያቄ ባለው የድባቴ መለኪያ (PHQ-9) ግዴለሽነት ብቻውን ነጥብ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሐዘንና ጸጸት በሚጠየቅባቸው ቦታዎች የተሰጠውን መልስ ለይተው ይመልከቱ።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን፣ 6 ክፍሎችና 18 ነጥቦች ያሉትን የፊት አንጎል መመዘኛ (FAB) ይጠቀሙ፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ለአንድነት ጥያቄው ጤፍና ዳጉሳ በምን እንደሚመሳሰሉ ይጠይቁ፤ «እህል ናቸው» የሚለው መልስ ትክክል ሲሆን፣ «አንዱ ነጭ አንዱ ቀይ ነው» የሚለው ግን ረቂቅ አስተሳሰብ መዳከሙን ሊያሳይ ይችላል። ተረትና ምሳሌ ማስፈታት ለጎጃም ሰው፣ በተለይም ቅኔ ለተማረ፣ አይመከርም፤ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ሊደግም ይችላልና። ፊደል የቆጠረ ሰው በአንድ ደቂቃ ከ«መ» እስከ «ሞ» ባሉት ሆሄያት የሚጀምሩ ቃላትን ይጥራ፤ ያልተማረ ደግሞ የእንስሳትን ስም ይዘርዝር። በፈረንሳይኛ የተሠራውን የነጥብ ወሰን ግን እንዳለ አይውሰዱ። ከዚያም ጡጫ፣ የእጅ ጠርዝና መዳፍ በተራ ጠረጴዛ ላይ እያሳረፉ ያሳዩትና ብቻውን እንዲደግም ያድርጉ፤ በመጨረሻም እርስዎ አንድ ጊዜ ሲመቱ እንዲመታ፣ ሁለት ጊዜ ሲመቱ ግን እንዳይመታ ይንገሩት።

ድባቴ ያለበት ሰው ይዘገያል፣ ቶሎ «አላውቅም» ይላል፣ ስሕተቱም ያሳፍረዋል፤ ሲያበረታቱትና ጊዜ ሲሰጡት ግን ብዙውን ጊዜ ይሻሻላል። በዲሜንሺያው የተያዘው አንዱን እንቅስቃሴ ወይም ቃል ደጋግሞ ያመጣል፣ የተነገረውን ትእዛዝ ይጥሳል፣ መሳሳቱም ግድ አይሰጠውም። በ30 ነጥብ የሚታረመው አጠቃላይ ፈተና በመጀመሪያው ደረጃ ጤናማ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ብቻውን አያረጋጋዎ። ቅርጽን አይቶ መሳል አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም አይጎዳም፤ ብዕር ይዞ ለማያውቅ ሰው የክብሪት እንጨት እያስደረደሩ ይፈትኑት። ይህ ገና ከጅምሩ ከተበላሸ አልዛይመርንም ያስቡ።

የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ አይዘንጋ። ድባቴው ሲታከም አሚትሪፕቲሊን ራሱ ማስታወስን ስለሚያዳክም፣ ሌላ መድኃኒት ካለ ይመረጣል። በበቂ መጠን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከታከመ በኋላ ያንኑ ፈተና ይድገሙ፤ ስሜቱ ተሻሽሎ ጠባዩና ውጤቱ ካልተመለሰ፣ ወይም ከ6 ወር በኋላ ከባሰ፣ የመጀመሪያውን የመልስ ወረቀት አያይዘው ለአንጎል ምስልና ለነርቭ ሐኪም ወደ ባሕር ዳር ይላኩት።