ሰብውፈሩ እየሠራ ቤዙ ሲሳሳ፦ የዲጂታል ድምፅ ፕሮሰሰር ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ውስጥ በብሎኬት በተሠራና ሴራሚክ በተነጠፈ ክፍል ሁለት የጠረጴዛ ስፒከርና አንድ ሰብውፈር (የቤዝ፣ ማለትም የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ከዲጂታል ድምፅ ፕሮሰሰር (ድምፁን ለየመውጫው ከፋፍሎ ከሚያስተካክል መሣሪያ) ጋር የሚያገናኝ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነካው ኢኳላይዘሩን (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል) ነው፤ መነካት ያለበት ግን በመጨረሻ ነው።

የከበሮው ምት ከሳሳ

ሰብውፈሩ ሲጠፋ ቤዙ ተሽሎ ከተሰማ፣ ስፒከሮቹና ሰብውፈሩ በክሮስኦቨሩ (ወፍራሙ ድምፅ ወደ ሰብውፈሩ፣ ቀሪው ወደ ስፒከሮቹ በሚለይበት ድግግሞሽ) አካባቢ አንዱ የሌላውን ድምፅ እያጠፋ ነው። በቅድሚያ ከሰብውፈሩ ጀርባ ያለውን የክሮስኦቨር ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉት፤ ፕሮሰሰሩ በ80 ኸርዝ እየቆረጠ ሰብውፈሩም በራሱ ማጣሪያ ከቆረጠ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይጣራል። ከዚያ ርቀት ይለኩ። ስፒከሮቹ ከጆሮዎ በ70 ሴንቲ ሜትር፣ ሰብውፈሩ ደግሞ መስኮት ሥር በ2.5 ሜትር ላይ ከሆኑ፣ የ1.8 ሜትሩ ልዩነት የሰብውፈሩን ድምፅ 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል፤ የ80 ኸርዝ አንድ ዑደት 12.5 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ሁለቱ ድምፆች ተቃራኒ ለመሆን ጥቂት ብቻ ነው የሚቀራቸው። የዘገየውን ማፍጠን ስለማይቻል ይህ 5 ሚሊ ሰከንድ የሚሞላው በፕሮሰሰሩ ላይ የስፒከሮቹን መውጫ በዚያው ልክ በማዘግየት ነው። (ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ማለቷ ስሌቱን አይለውጠውም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው የአየሩን ሙቀት እንጂ ግፊቱን አይደለምና።) በመጨረሻም የ80 ኸርዝ ድምፅ እያጫወቱ፣ ከመቀመጫዎ ሳይነሱ የሰብውፈሩን ፖላሪቲ (የሞገዱን የ+ እና የ− አቅጣጫ) ይገልብጡና ጎልቶ የተሰማውን ይምረጡ።

አንድ የቤዝ ድምፅ ብቻ ከጮኸ

ጥፋቱ የክፍሉ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ43 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል፣ ማዕዘን ላይ የተቀመጠ ሰብውፈርም ያባብሰዋል። መጀመሪያ ሰብውፈሩን ከማዕዘኑ ያንሱት፤ ከዚያ በኋላ የተረፈውን በመለኪያ ማይክሮፎን አግኝተው በጠባብ የኢኳላይዘር ማጣሪያ ይቀንሱት። በአንጻሩ የጎደለውን ድምፅ በኢኳላይዘር ለመሙላት አይድከሙ፤ የሚጨምሩት ኃይል ከግድግዳ በሚመለሰው ነጸብራቅ ተመልሶ ስለሚሰረዝ ትርፉ አምፕሊፋየሩን ማስጨነቅ ነው።

ድምፁ ከፍ ሲል ከተሰነጣጠቀ

ኢኳላይዘሩ ላይ 6 ዴሲቤል ጨምረው የመግቢያውን ጌይን (የሚገባውን ድምፅ መጠን) ካልቀነሱ ድምፁ ዲጂታሉ ሊይዝ ከሚችለው መጠን በላይ ሞልቶ ይፈስሳል። ትልቁ ጭማሪዎ ስንት እንደሆነ አይተው ጌይኑን በዚያው ልክ ዝቅ ያድርጉ።

ያለማቋረጥ ካጉረመረመ

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በ50ና በ100 ኸርዝ የሚሰማ ጉርምርምታ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የመጣ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር የተገናኘ ላፕቶፕ ካለ ቻርጀሩን ሲነቅሉ ከጠፋ፣ ምክንያቱ መሣሪያዎቹ በተለያየ መንገድ ወደ መሬት መያያዛቸው ነው፤ ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ፣ ካልበቃ በድምፅ ገመዱ መካከል የማግለያ ትራንስፎርመር (ድምፁን አሳልፎ የመሣሪያዎቹን የኤሌክትሪክ ግንኙነት የሚለይ) ያስገቡ። የሶኬቱን የመሬት መስመር መቁረጥ ጉርምርምታውን ሊያስቀር ቢችልም፣ በብረት የተሸፈነን መሣሪያ ገዳይ ስለሚያደርገው ፈጽሞ አይሞከርም።

የጆሮ ማዳመጫው ከቀጠነ

ለስፒከሮቹ የተሠራው ከ80 ኸርዝ በታች የሚቆርጥ ማጣሪያ በጆሮ ማዳመጫው መውጫም ላይ እየሠራ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ክፍል የለውም፣ ሰብውፈርም አይከተለውም፤ ስለዚህ ክሮስኦቨርም ሆነ የክፍል ማስተካከያ የሌለበት የራሱ ቅንብር ያስፈልገዋል። ይህን ሲያዘጋጁ ቅንብሩ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ውስጥ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ አለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መሣሪያው በቀድሞው ቅንብር ይነሣል።