ኖት ስትይዙ እነዚህን ተዉ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ማታ ማታ ኤሌክትሮኒክስ አስጠናለሁ። በየዓመቱ ፊቱ ይቀያየራል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ወፍራም ደብተር ይዞ መጣና «አቦ ቲቸር፣ ሁሉንም ጽፌዋለሁ፤ ፈተና ላይ ግን እጄ ይታሰራል» አለኝ። ገለጥኩት። ጽሕፈቱ ያምራል። የቮልቴጅ ዲቫይደር (ቮልቴጅን ከረንት በሚገቱ ሁለት ሬዚስተሮች የሚያካፍል ሰርኪዩት) ፎርሙላ በቀይ ሳጥን ተከቧል፤ ከሥሩ ምሳሌ አለ፦ 12 ቮልት ባትሪ፣ 4 ኪሎ ኦምና 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በሲሪስ (ተከታትለው)፣ 2 ኪሎ ኦሙ ላይ 4 ቮልት። ልክ ነው።

«እሺ፣ 2 ኪሎ ኦሙ ላይ ሌላ 2 ኪሎ ኦም ሎድ (ከረንት የሚስብ ዕቃ) በፓራለል (ጎን ለጎን) ብትቀጥልበትስ?» ስለው ሳያቅማማ «ያው 4 ቮልት» አለ። አይደለም። ሁለቱ በፓራለል 1 ኪሎ ኦም ይሆናሉ፤ 12ቱ ቮልት 4 ለ1 ይካፈልና ሎዱ ላይ 2.4 ቮልት ብቻ ይደርሳል። ፎርሙላው አልተሳሳተም። የጎደለችው «ከመሃል ከረንት የሚስብ ነገር ከሌለ» የምትል አንዲት መስመር ናት። አስተማሪ ይህችን ብዙ ጊዜ ሰሌዳ ላይ አይጽፋትም፣ በአፉ ብሏት ያልፋል። ተማሪው በዚያች ደቂቃ ቀይ እስክሪብቶውን እየፈለገ ነው!

ይሄ ነገር አንገሽግሾኛል። ፎርሙላውንማ መጽሐፉም ስልካችሁም ይዞታል፤ እናንተ ደግማችሁ መገልበጣችሁ ምን ይጨምራል? መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደሚከዳ ጻፉ፣ በምን አሃድ እንደሚሰላ ጻፉ፣ በቁጥር አንድ ጊዜ ሥሩት። ዳዮድን (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ዕቃ) እንደ ሬዚስተር ቆጥሮ በኦም ሕግ የሚያሰላ ልጅ ሳይ ደብተሩን ማየት አያስፈልገኝም፤ «ዳዮድ ላይ ከረንቱ ከቮልቴጁ እኩል አያድግም» የሚል መስመር እንደሌለበት አውቃለሁ።

ሰሌዳ ፎቶ ማንሳት ኖት መያዝ አይደለም። በዚያው ማታ ካልገለበጣችሁት በጋለሪያችሁ ውስጥ ከሠርግ ፎቶ ጋር ተቀብሮ ይቀራል።

አፕ ስለመምረጥ ስመጣ መጀመሪያ የምወቅሰው ራሴን ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ኖቶቼን ወደ አዲስ አፕ ሳዛውር፣ ፎልደር ስሰይም፣ ቀለም ስመርጥ ከረምኩ። መስከረም ላይ የፎልደሮቹን ስም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ትራንዚስተሩን ግን እንደ አዲስ ጀመርኩት። በዚያ ላይ አፑ ያለ ኢንተርኔት የማይከፍት ነበር፤ ኔትወርክ በጠፋበት ማታ ነጭ ስክሪን ላይ አፍጥጬ አድሬያለሁ። አፕ ካስፈለጋችሁ ፋይሉን እዚያው ስልካችሁ ወይም ላፕቶፓችሁ ላይ የሚያስቀምጥ ይሁን። ኦብሲዲያን የሚባለው የኖት አፕ እንደዚያ ነው፤ በተራ ጽሑፍ ስለሚያስቀምጠው አፑ ቢጠፋም ኖቱ አይጠፋም። አንኪ የሚባለው የጥያቄ ካርድ አፕ ደግሞ የሬዚስተር ቀለም (መጠኑን የሚነግሩትን ባለ ቀለም መስመሮች) ለመሸምደድ ይሆናል፤ ጥቁር 0፣ ቡናማ 1፣ ቀይ 2 እያለ ልትረሱት ስትሉ ይጠይቃችኋል። ካርዱን ግን ራሳችሁ ሥሩት፤ የሰው ካርድ አውርዶ መሸምደድ የሰው ሕልም እንደ መፍታት ነው።

ክፍል ውስጥ በላፕቶፕ መጻፍስ? በ2014 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሙለርና ኦፐንሃይመር ያወጡት ጥናት በላፕቶፕ የጻፉት ተማሪዎች የሰሙትን ቃል በቃል እንደሚገለብጡና መረዳት በሚጠይቅ ጥያቄ ላይ እንደሚያንሱ አሳይቷል። በኋላ የተደገሙት ጥናቶች ሁልጊዜ ያንን ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ በሱ አልምልም። የኔ ምክንያት ቀላል ነው፦ ሰርኪዩት በኪቦርድ አይሳልም። በላቴክ (ፎርሙላ በኮድ በሚጻፍበት ፕሮግራም) ፎርሙላ ልጽፍ ያለ አንድ ልጅ ቅንፉን ሳይዘጋ ሰሌዳው ጠፍቶበታል።

ኮርኔል የሚባለውን፣ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍሎ ኖቱን በቀኝ የሚይዘውን ዘዴ የምትጠቀሙ፣ መስመሩን አስምራችሁ ግራውን ባዶ መተው ምን ይባላል? ዋናው እኮ ግራው ነው። ከክፍል በኋላ ጥያቄ ትጽፉበታላችሁ፣ ቀኙን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ትመልሳላችሁ።

ድሬ ላይ ሆኜ ይሄን ሳልል ባልፍ ደግሞ ይታዘቡኛል፦ በምርቃና የተጻፈ ኖት። ማታ ላይ አምስት ገጽ ይፈሳል፣ ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር ይገናኛል፤ ጠዋት ባለቤቱም አያነበውም።

ጄል እስክሪብቶም ተዉ። በዚህ ሙቀት የእጅ ላብ ቀለሙን ያበላሸዋል፤ እርሳስና ባለ ካሬ ደብተር ይበቃል።

ያ ልጅ ከቀይ ሳጥኑ ሥር በእርሳስ «ሎድ ከሌለ ብቻ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና «ሎዱ 200 ኪሎ ኦም ቢሆንስ?» አለኝ። አብረን ሠራነው፤ 3.97 ቮልት ወጣ። «ታዲያ ከሌለ ብቻ አይደለማ!» ብሎ ላጲሱን አነሳ።